እትዬ ጠብታ አሲድ ሲመርጡ

አማቴ ጓዛቸውን ይዘው እኛ ቤት የገቡ ዕለት ከሻንጣቸው መጀመሪያ የወጣው ልብስ አልነበረም። እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ጎንና ጎኑ የተሸፈነ የዓይን መነጽር እና ከጉልበት በታች የሚወርድ የላስቲክ ሽርጥ ነበር። ባለቤቴ ገርሟት፣

«እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሽ የለ እንዴ? ይሄን ሁሉ ለምን ተሸክመሽ መጣሽ?» አለቻቸው።

«ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ መቼ ጡረታ ወጣ» አሉና ዕቃቸውን አንድ በአንድ ከበሩ ጀርባ ሰቀሉ።

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የባትሪ አሲድ ስገለብጥ፣ ሱሪዬ ተበሳስቶ ወንፊት ሲሆን፣ አንድም ቀን ጓንት አጥልቄ አላውቅም። «ፈሪ ሴት ናቸው» አልኩ ለራሴ። ያን ቀን ያሰብኩትን አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

አማቴን የድሮ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ጠብታ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ወተት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከስምንተኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቋርጠው በእጥበት ክፍል ተቀጠሩ። ሥራው ወተቱ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎችና የሚጠራቀምባቸውን ጋኖች በየቀኑ ማጠብ ነው። መጀመሪያ ቅባቱን በሙቅ ሶዳ ያስለቅቃሉ፤ ያለቀልቃሉ፤ ከዚያ ብረቱ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በአሲድ ያሟሙታል፤ ደግመው ያለቀልቃሉ።

በገቡ በሁለተኛው ወር አብራቸው የምትሠራ ልጅ አሲድ ያለበት ባልዲ ላይ ውሃ ገለበጠችበት። ባልዲው ፍል ብሎ ተነሣና አንገቷንና ክንዷን ለበለባት። ሌላው ሰው ሲጯጯህ አማቴ ልጅቷን ከነልብሷ ጎትተው ቧንቧ ሥር አስቀመጧት፤ መኪና እስኪመጣም ውሃውን ከላይዋ ላይ አላቋረጡም። ሐኪሙ «ያተረፋት ውሃው ነው» ብሎ ነበር አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ አሲድ ሲቀላቅሉ መጀመሪያ ውሃውን ይቀዳሉ፤ አሲዱን ከላይ በቀጭኑ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ያደርጋሉ። የቸኮሉት ሁሉ «ዛሬም በጠብታ ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። «እትዬ» የተጨመረበት በኋላ፣ ፀጉራቸው ሸበት ሲል ነው።

ባለቤቴ ስለ እናቷ ስታወራ ሁሌ የምታነሣው አንድ ነገር አለ። አንድ ማለዳ የመጨረሻው ልቅለቃ እንደነገሩ ተደርጎ ወተት ሊለቀቅ ሲል አማቴ መክፈቻውን ይዘው ቆሙ። አለቃው ወተት የጫነው መኪና ቆሞ እንደሚጠብቅ እየጠቆመ፣

«ሴትዮ፣ እንዲህ ስትንቀረፈፊ ወተቱ ሊበላሽ ነው!» አላቸው።

«ይበላሽ። የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው» ብለው የመሞከሪያዋን ቁራጭ ወረቀት ቱቦው ጫፍ ላይ ካለው ውሃ ነከሩና አሳዩት። ወረቀቷ ቀላች። አሲዱ ገና አልወጣም ማለት ነው። አለቃው ልቅለቃው እንዲደገም አዘዘ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ አደረጓቸው። በጄሪካኖቹ ላይ የተለጠፈውን የባዕድ አገር ጽሑፍ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ማንበብ የተማሩትም ያኔ ነው። በሰላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎት እሳቸው በኃላፊነት በቆሙበት ፈረቃ አንድም ሰው አልተቃጠለም። ይህንን ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የነገረኝ የፋብሪካው ዘበኛ ነው።

እኛ ቤት የመጡት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦታ ላይ የላስቲክ ቤት አሠርታ ሰላጣ ታመርት ነበር። አፈር የለውም። ችግኞቹ በተቦረቦሩ ነጫጭ ቱቦዎች ላይ ተደርድረው ሥሮቻቸውን ውሃ ውስጥ ዘርግተው ይቆማሉ፤ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ከታንከሩ ተነሥቶ በሥሮቻቸው መሃል እያለፈ ይመለሳል። ውሃ መግፊያዋን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ እሷን ግን አላጋነንኩም፣ በእውነት ጥሩ ገጥሜያታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርቶች የሚያስጎመጁ ነበሩ። ቅጠሉ ሲሰበር ቀጭ ይል ነበር።

ሦስተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ከመሃል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ደም ሥሮቻቸው ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። እኔ «ምግብ አንሶት ነው» ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰበት። ሌላ ጨመርኩ። ጭራሽ ጫፍ ጫፉ ይቃጠል ጀመር። ባለቤቴ በቱቦዎቹ መሃል እየተመላለሰች ዝም ማለት አበዛች፤ ዝም ስትል ደግሞ ከጩኸቷ ይከፋል።

አማቴ እስከዚያ ድረስ የላስቲክ ቤቱ ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር። «የሰው ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ወጥ ቤት ሆነው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲያዩ ቆዩና ይዘውት መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰላጣ ደህና በነበረበት ጊዜ ምን ውሃ ነበር የሚጠጣው?» አሉኝ፣ የታማሚ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሐኪም።

«የዝናብ ውሃ ነበር እማማ። ክረምት አልነበር? ከጣሪያው እናጠራቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

«የጉድጓድ።»

ማንቆርቆሪያውን አዘነበሉልኝ። ታችና ጎኑ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። «ይሄን እኔ ሰላሳ ስድስት ዓመት ስፍቀው ኖሬያለሁ» አሉ። «ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ነው። ማዳበሪያውን ብትቆልልለትም ተክሉ አፉ ተለጉሞ አይበላውም።»

ከሽርጣቸው ኪስ ያቺን የመሞከሪያ ወረቀት ጥቅልል አወጡ። ከታንከሩ ውሃ ቀድተው ነከሩ፤ ወረቀቷ ወደ ሰማያዊ አደላች። ፒኤች የሚባለውን ነገር ያኔ ነው በወጉ የገባኝ። ሰባት መሃሉ ነው፤ ከዚያ በታች ወደ ኮምጣጣነት፣ ከዚያ በላይ ወደ ሶዳነት ይሄዳል። ሰላጣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ስድስት አካባቢ። የእኛ ስምንትን አልፏል። በዚያ ውሃ ውስጥ ብረት የሚባለው ምግብ ቢኖርም ተክሉ አያገኘውም፤ ቅጠሉ የገረጣው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው አሲድ ነው የሚያስፈልገው!» ብዬ ብድግ አልኩ። አማቴ «ቆይ» ሲሉኝ በሩን አልፌያለሁ። ጋራዣችን ከቤታችን ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጄሪካን ተሸክሜ ከተፍ አልኩ።

አማቴ የታንከሩን ክዳን ከድነው በላዩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒቱ ነዋ! ከአሮጌ ባትሪ የተገለበጠ አሲድ ነው። ጋራዥ ሞልቷል።»

«ባትሪ ውስጥ የተደረደሩት ሰሌዳዎች ከምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ከእርሳስ።»

«እርሳስ ሰው ሆድ ሲገባ ምን ያደርጋል?»

መርዝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ።

«ይሄ ሰላጣ ነው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሰው ሳይቀቅል የሚበላው ነገር ነው።»

«እሺ፣ አዲስ ያልተከፈተ ላምጣ። እሱ እኮ ባትሪ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

«አዲሱን የሠራው ሰው ለማን ብሎ ሠራው?»

«ለባትሪ።»

«ባትሪ ደግሞ ሆድ የለው። ውስጡ የማይሆን ነገር ቢቀላቀልበት ቁርጠት ይዞኛል ብሎ አይከሰውም።»

ባለቤቴ ከቱቦዎቹ መሃል ሳቋ አመለጣት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። «እንግዲያ ቁጭ ብለን ሲደርቅ እንየው!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማቴ ላይ ጮህኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸው አልተቆጡም። «አይደርቅም። አሲድ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚበላውንም የሚቀዳውንም ሰው የማይጎዳውን እንፈልጋለን» አሉኝና ከታንከሩ ላይ ሳይነሡ ጄሪካኑን ወደ መጣበት እንድመልሰው በአገጫቸው ጠቆሙኝ። መለስኩት።

በዚያው ዕለት ከየባልዲው ጋር ትግሉ ተጀመረ። አማቴ ታንከሩን ማንም እንዳይነካው ከለከሉ፤ ሙከራው ሁሉ በባልዲ፣ በእያንዳንዱ ባልዲ ላይ ደግሞ አሥር አሥር ችግኝ ብቻ። መጀመሪያ አቼቶ ሞከሩ፤ ቤት ውስጥ ያለ፣ ማንንም የማይጎዳ። ውሃው ወዲያው ስድስት ላይ ወረደ። እኔ እልል ልል ስል «ነገ እንይ» አሉ። በነጋታው ስድስት ተኩል፣ በሦስተኛው ቀን ሰባት ተኩል። አቼቶውን ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት እየበሉት ነው አሉ። የላስቲክ ቤቱ ደግሞ እንደተቀመመ ሰላጣ ይሸት ጀመር፤ ባለቤቴ «ዘይት ብቻ ነው የቀረው» አለች።

ቀጥለው ከረሜላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ሲትሪክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት ሞከሩ። እሱም ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ነገር ነው። እሱም ለሁለት ቀን ሠራና ውሃው ወደ ላይ ተመለሰ፤ በዚያ ላይ የችግኞቹ ሥር የሚያዳልጥ ልጋግ ያዘ። አማቴ ሥሩን በጣታቸው አሻሹና አሸተቱ። «ለጥቂት ቀን ማስታገሻ ይሆናል፤ መድኃኒት ግን አይደለም» ብለው በደብተራቸው ጻፉ።

ከዚያ የተሳሳቱበት ሥራ መጣ፤ እሳቸው ራሳቸው ሳይነገር እንዲቀር ስለማይፈልጉ እኔም አልዘለውም። ወደ ድሮው ፋብሪካቸው ሄደው ከእጥበት ክፍል አንድ ሊትር አሲድ ይዘው መጡ። ፎስፎሪክ አሲድ ነው። «ይሄን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ፤ ወተት የሚያልፍበትን ዕቃ የምናጥብበት ነው» አሉ። ባልዲው ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። ፒኤቹ ወረደ፤ በነጋታውም በሦስተኛው ቀንም ከስድስት ንቅንቅ አላለም። እኔና ባለቤቴ ታንከሩ ላይ ይጨመር ብለን ወተወትናቸው። «ሳምንት ይሙላው» አሉ።

በአምስተኛው ቀን አሥሩም ችግኞች ጠውልገው ተጋደሙ። ባልዲው ሲነቃነቅ ውሃው አረፋ ይሠራል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው የጠርሙሱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች፣ ያችን ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር አነበቡ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ፋብሪካው የሚገዛው አሲድ ተቀይሯል፤ የአሁኑ ቅባት እንዲያስለቅቅ ሳሙና መሰል ነገር ተቀላቅሎበታል። ቱቦ ሲታጠብበት ታጥቦ ይወጣል። ሥር ላይ ሲቀመጥ ግን ይጨርሰዋል።

ወረቀቱን ያዘጋጀውን ሰው አልረገሙም፤ ዓይኔ ደክሞ ነው ብለውም አላመካኙም። ባለቤቴን ጠርተው፣

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አውቀዋለሁ ብዬ ሳላነብ ቀዳሁት። ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ ከሥራ ባግደው ነበር» አሏት።

«እማዬ፣ አሥር ችግኝ እኮ ነው!»

«አሥር የሆነው ባልዲ ላይ ስለሆነ ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ታንከሩን ዞር ብዬ አየሁት። ስምንት መቶ ችግኝ ከእሱ ይጠጣል። እንደኔ ጥድፊያ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት የባትሪውን፣ ከሁለት ቀን በፊት የሳሙናውን ገልብጬበት ነበር። 

በማግስቱ አማቴ ደብተራቸውን፣ ሁለት ጠርሙስ የጉድጓድ ውሃና እኔን አስከትለው ወደ ግብርና ቢሮ ሄዱ። የተቀበለችን የአትክልት ባለሙያ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ አሮጊት ሴትዮ ጊዜዋን ሊያባክኑባት የመጡ መስሏት ሰዓቷን ታይ ነበር። ደብተሩን ስትከፍት ግን ሰዓቷን ረሳችው።

«ይሄን ሁሉ የመዘገቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ። ጽሑፌ አስቀያሚ ነው፣ አይፍረዱብኝ።»

ባለሙያዋ ውሃውን በመሣሪያ ለካች፤ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ከአማቴ ጎን ተቀመጠች። በትልልቅ እርሻዎች ሰልፈሪክ አሲድም ናይትሪክ አሲድም እንደሚጠቀሙ ነገረችን። እኔ «ሰልፈሪክ እኮ የባትሪው ነው!» ብዬ ቀና አልኩ። «ስሙ አንድ ነው፤ እነሱ የሚጠቀሙት ንጽሕናው የተረጋገጠውን ነው። የባትሪው ውስጥ ምን እንዳለ እኔም እርስዎም አናውቅም» አለችኝ። አማቴ ወደኔ ዞር አላሉም፤ በዚያ ብቻ ባለውለታዬ ናቸው። ናይትሪኩ ጢሱ ሳንባ ስለሚጎዳ በቤት ለሚሠራ ሰው አትመክርም። መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ ደግሞ ጢሱም አያድርስ ነው፤ ተክል ላይም የማይፈለግ ጨው ያበዛል። ለእኛ የሚሻለው ለተክልና ለምግብ ተብሎ የሚዘጋጀው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ፎስፎሪክ ነው።

«እንግዲያው ፎስፎሪኩን አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት ጓደኞቹን ነው» አሉ አማቴ።

ባለሙያዋ ሳቀች። «ግን እሱም ራሱ ምግብ ነው፤ ፎስፎረስ ይሰጣል። ስለዚህ ከማዳበሪያው ላይ ፎስፎረሱን መቀነስ አለባችሁ። ሲበዛ ሌላውን ምግብ ያስርባችኋል፤ ነጭ ዝቃጭም ይሠራል።»

አማቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ውሃውን ግማሽ በግማሽ ከክረምቱ ከተረፈው የዝናብ ውሃ ጋር ብንቀላቅለውስ? የሚፈልገው አሲድ በግማሽ አይቀንስም?» አሉ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ ቀጥዬ ልነግርዎት ያሰብኩት እሱን ነበር።»

ንጹሑ አሲድ የተገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው። አማቴ ወረቀቱን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ባለሱቁን ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረጉት። ቤት ስንደርስ ጓንቱም መነጽሩም ሽርጡም ከበሩ ጀርባ ወርዶ ተለበሰ። የላስቲክ ቤቱ መጋረጃ ተገለጠ፤ አጠገባቸው አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃና አንድ ጣሳ የመጋገሪያ ሶዳ ተቀመጠ፣ ምናልባት አሲዱ ቢፈስ ማርከሻ እንዲሆን። መጀመሪያ ውሃ ለኩ። በላዩ ላይ አሲዱን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ አቀጠኑት፤ እጅ ቢስት እንኳ ስሕተቱ ትንሽ እንዲሆን ነው። ከዚያ ከቀጠነው ላይ በሲሪንጅ አንድ ጠብታ፣ ማማሰል፣ መጠበቅ፣ ወረቀት መንከር፣ መጻፍ። እንደገና አንድ ጠብታ። እኔ ቆሜ ሳይ እግሬ ደነዘዘ። እሳቸው በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አልተቀመጡም።

ስንት እንደጨመሩ እዚህ ብጽፍ አይለቁኝም። ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሳምንቱ ሞላ። የባልዲው አሥር ችግኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ብቻ ከታንከሩ ክዳን ላይ እጃቸውን አነሡ። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች አልዳኑም፤ ባለቤቴ በየቀኑ እያየች ተስፋ ስትቆርጥ «የታመመውን አትይው፤ አዲስ የሚወጣውን እይ» ይሏታል። በዘጠነኛው ቀን ከመሃል የወጣችው ቅጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነበረች። ባለቤቴ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። አማቴ «ሽርጡ ላይ አሲድ አለ፣ አትነካኪኝ» እያሉ ይገፏታል።

ወሬው ወጣ። በአካባቢው በላስቲክ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መጡ። «እትዬ፣ ስንት ነው የሚጨመረው?» ይላሉ ሁሉም፣ ገና ሳይቀመጡ። አማቴ ለማንም ቁጥር ሰጥተው አያውቁም።

«የናንተ ውሃ የኔ ውሃ አይደለም። ጄሪካን ውሃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ አብረን እንለካለን።»

አንዱ ጎልማሳ ቲማቲም አምራች ተቆጣ። «ሴትዮዋ ምስጢር ይደብቃሉ» እያለ አስወራ። በሁለተኛው ወር የጋራዥ አሲድ የጨመረበትን ቲማቲም ሊያሳያቸው መጣ፤ ክንዱም በፋሻ ተጠቅልሏል። አማቴ ስለ ወሬው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ፋሻውን ፈትተው ቁስሉን አዩ፤ «ሐኪም አይቶታል?» አሉ። ከዚያ ቲማቲሙ ተነቅሎ እንዲወገድ፣ አንዱም ለገበያ እንዳይወጣ ነገሩት። ሰውየው አንገቱን ደፋ። «አንዷንም?» አላቸው። «አንዷንም። ልጆችህን የማታበላውን ለሰው ልጅ አትሸጥም» አሉት። ነቀለው። ባዶ ቱቦዎቹን ሲያጥብ ሁለት ቀን ሙሉ አብረውት ዋሉ።

አሁን ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ግብርና ቢሮ ለአምራቾች ሥልጠና ሲሰጥ ይጠራቸዋል። መጀመሪያ የጠራቸው ቀን አዳራሽ፣ ማይክሮፎንና አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ማይክሮፎኑን አዩት፣ አበባውን አዩት፣ ለባለሙያዋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገሯት። ተሰብሳቢው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። እዚያ አርባ ያህል ሰው፣ ከዚያ መሃል ሦስት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ በባልዲ ዙሪያ ተኮልኩለው ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ሴትዮ ጠብታ ሲቆጥሩ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ እኔም ከዳር ቆሜ አየሁ።

ዓይናቸው ግን ደክሟል። የወረቀቷን ቀለም መለየት ስለከበዳቸው ባለሙያዋ የምትጠቀምበትን ዓይነት በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ገዛንላቸው። በየሳምንቱ ፒኤቹ በሚታወቅ የመፈተሻ ፈሳሽ ካልፈተሹት አያምኑትም። ትናንት ጠዋት የላስቲክ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ለባለቤቴ ከውጭ፣

«ስንት አለ?» አሏት።

«አምስት ነጥብ ዘጠኝ።»

«እጥበሽ ድገሚው።»

ባለቤቴ ዓይኗን ወደኔ አጉረጠረጠች፤ ከዚያ መሣሪያውን አጥባ ደገመችው። ስድስት አለ። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለቱንም ቁጥር በደብተራቸው አሰፈሩ።